የመስከረም ግጥም በዲላ

ቅዳሜ ቅዳሜ በዲላ ከተማ ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ልጆች የማጠናከሪያ ትምህርት ለመስጠት የምንወጣ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች፥ በምግብ አዳራሹም በመኝታ ቤቱም ስንከራከርበት የሰነበትን አንድ ጉዳይ አለ። ይኸውም ስለ ተፈጥሮ የተጻፉ የቆዩ ግጥሞችን ለእነዚህ ልጆች እንዴት እንተርጉምላቸው? የሚል ነው። ነገሩ ለአንዳንድ ወንድሞቻችን ትንሽ መስሎ ታይቷቸዋል። እኛ ግን ትንሽ ነው አንልም።

የሆነው እንዲህ ነው። ወሩ ጥቅምት ነበር። ስለ መስከረም የተጻፈ አንድ ግጥም ይዘን ገባን፤ ደመና ስለ መገፈፉ፥ ጭቃ ስለ መድረቁ፥ አደይ አበባ ሜዳውን ስለ ማልበሷ የሚናገር፥ ሁላችንም ዓይነቱን የምናውቀው ግጥም ነው። ይኽን ስናነብ የክፍሉ ቆርቆሮ በዝናብ ይደበደብ ስለ ነበር ድምፃችን እስኪሰነጠቅ መጮኽ ነበረብን። አንብበን ስናበቃ «ገጣሚው ምን ማለቱ ነው?» ብለን ጠየቅን። አንድም እጅ አልተነሣም። ለመሆኑ ማን ያነሣል? ዝናቡ አለቀ የሚለውን ግጥም የሚሰሙት በዝናብ ውስጥ ተቀምጠው ነው!

የጌዴኦ ሰማይ የሚሄደው በራሱ ሥርዓት ነው። ዝናቡ አንድ ጊዜ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይበረታል፤ ሁለተኛም በመስከረምና በጥቅምት ይመለሳል። ክረምት ወጣ፥ ፀሐይ ታየች የሚለው ታላቅ ደስታ የሰሜንና የመካከለኛው ደጋ ደስታ ነው። ቤተ ክርስቲያን ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ማኅሌተ ጽጌ የምትቆምበት ወቅት የዚያው ደጋ የአበባ ወቅት ነው። ሜዳ የሚለው ቃል ራሱ እዚህ ማብራሪያ ይፈልጋል። ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ የሚወስደውን መንገድ የሄደ ሰው እንደሚያውቀው፥ ከላይ ዋንዛና ብርብራ፥ ከሥራቸው እንሰት፥ በመካከል ቡና ሆኖ አገሩ አንድ የተያያዘ ጥላ ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባውም ሰውና ዛፍ እንዲህ ተደጋግፈው ስለሚኖሩበት ጭምር ነው።

በዚያ ቀን ያደረግነውን ብንደብቅ አይጠቅምም። ሰምና ወርቁን ራሳችን በሰሌዳው ላይ ጻፍነው፤ ደመናው መከራ ነው፥ አበባው ተስፋ ነው። ልጆቹ በጸጥታ ገለበጡ። እኛም አስተማርን ብለን ሻይ ልንጠጣ ሄድን።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ከመካከላችን አንዷ እኅታችን ወረቀቱን አጥፋ «በእናንተ ጓሮ የሚያብበው ምንድን ነው? መቼ ነው የሚያብበው?» ብላ ጠየቀቻቸው። ክፍሉ ተንጫጫ። የቡና አበባ! ነጭ ነው፤ ከመጀመሪያው የበልግ ዝናብ በኋላ በሳምንት በአሥር ቀን ይፈነዳል፤ ሽታው እቤት ድረስ ይገባል፤ በጥቂት ቀንም ይረግፋል። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ «አበባው ሲወጣ አባቴ ሰማይ ሰማይ ያያል፤ ኃይለኛ ዝናብ ከመታው ደብተር የለም» አለች። ከዚህ በኋላ ሁለቱን አበባዎች ጎን ለጎን አድርገን፥ የግጥሙ ሰው አበባውን ሲያይ የማይፈራው ለምንድን ነው? አልናቸው። አንዱ ትንሽ ልጅ ብድግ ብሎ «ቲቸር፥ የሱ አበባ አይሸጥማ!» አለ።

መምህራኖቻችን ይቅርታ ያድርጉልንና፥ በሁለት ዓመት ሙሉ ከገለበጥነው ማስታወሻ ውስጥ ስለ ተፈጥሮ ግጥም እንዲህ ያለ አሳብ አላገኘንም። አበባን ከሩቅ የሚያየው ሰውና በአበባ የሚያድረው ሰው የሚገጥሙት አንድ ግጥም አይደለም። ልጁ ይኽን ካገኘ በኋላ የመስከረሙን ግጥም ደግሞ ሲያነብ፥ የገጣሚው ደስታ ገባው፤ የራሱ እንዳልሆነም ዐወቀ።

በሌላው ዓለም የደረሰውን መመልከት ይበጃል። እንግሊዛዊው ዎርድስዎርዝ በ1807 እ.ኤ.አ. ያሳተመው፥ ዳፎዲል ስለሚባለው ቢጫ አበባ የጻፈው ግጥም፥ እንግሊዝ በገዛቻቸው አገሮች ሁሉ አበባውን በዓይናቸው አይተው የማያውቁ ሕፃናት በቃላቸው እንዲወጡት ይደረግ ነበር። የአንቲጓዋ ተወላጅ ጃማይካ ኪንኬይድ በ1990 እ.ኤ.አ. በወጣው «ሉሲ» በሚለው ልቦለዷ፥ ይኽን ግጥም በልጅነቷ ያጠናች ልጅ አድጋ አበባውን ባየች ጊዜ ምን ያህል እንደ ተቆጣች ጽፋለች። ግጥሙ ጥፋት የለበትም፤ አደይ አበባም እንዲሁ። ነገር ግን አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ፥ በታችኛው ክፍል በጌዴኡፋ ለተማረ ልጅ አደይን እንደ ዳፎዲል ብናስጠናው፥ ግጥሙንም ቋንቋውንም እናስጠላዋለን ብለን እንፈራለን።

ሌላም አለ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ «አገሬ» በሚለው ግጥሙ የአገሩን ተፈጥሮ ከሩቅ ሆኖ ይናፍቃል። ይኽን ለልጅ ማስረዳት ይከብዳል ብለን ነበር። ሆኖም በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት ከሁለቱም ወገን በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቅሏል። የዛሬው የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ያን ጊዜ ሕፃን ነበር። ጥለነው የመጣነው የእንሰት ተክል እየተባለ በቤቱ ሲወራ ያደገ ልጅ፥ ናፍቆትን እኛ ልናስተምረው እንችላለን? እርግጥ ነው፥ ማንንም ልጅ በክፍል ፊት ቁስሉን እንዲያወጣ መጠየቅ አይገባም። ዝም ለማለት የፈለገ ዝም ይበል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ይኽን አይጠይቅም፥ ልጆቹን ታስወድቃላችሁ ይሉናል። ክርክራቸው እውነት አለበት፤ ፈተናው የሚፈልገውን ቤት መምቻና ዘይቤ እናስጠናለን፤ ለዚያም አንድ ሰዓት ይበቃል። የቀረውን ሰዓት ግን ለንጽጽር እንፈልገዋለን።

ለዚህም ችግራችን ሌላ ነው። ልጆቹ እናቶቻቸውና አያቶቻቸው ስለ ዝናብ፥ ስለ እንሰት፥ ስለ ቡና የሚዘፍኑትን ዘፈን ይዘው እንዲመጡ ነግረናቸዋል፤ ከአማርኛው ግጥም ጋር ልናስተያየው ነው። ከእኛ መካከል ጌዴኡፋ አጥርተው የሚያውቁት ሁለት ብቻ ናቸው። ስለዚህ ቋንቋውን የምታውቁ ወንድሞችና እኅቶች፥ የየትኛውም ክፍል ተማሪ ብትሆኑ፥ ስማችሁን ለዚህ መጽሔት አዘጋጆች ስጡልን። ከኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ቅዳሜ ከጧቱ በሁለት ሰዓት እንነሣለን። ጃንጥላ ያለው ይያዝ።