ለፀሐይ ብርሃን ቤት ረዳት ጄኔሬተር ስለ መምረጥ



5,150 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ፥ ለቤት የፀሐይ ሰሌዳና ጄኔሬተር ማሰብ ለአንዳንዶች ትርፍ ነገር መስሎ ይታያቸው ይሆናል። ነገር ግን ኃይል ከግድብ መመንጨቱ አንድ ነገር ነው፤ በሽቦና በትራንስፎርመር አልፎ ከየቤቱ መድረሱ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በጻድቁ በአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ደብር አጠገብ፥ በሳሪስ አቦ የሚኖር ቤተሰብ፥ በአቃቂ ወንዝ ላይ ካለው ከአባ ሳሙኤል ግድብ ብዙ ባይርቅም፥ መብራት በጠፋ ጊዜ ሻማ መፈለጉ አይቀርም። ስለዚህ ከመስመሩ ሳይጠብቁ በፀሐይ ለመኖር ሰሌዳና ባትሪ የሚተክሉ አሉ። መስመር ያልደረሳቸው የገጠር ዘመዶቻችንም ከዚህ የተሻለ መንገድ የላቸውም። ታዲያ እንዲህ ላለው ቤት ረዳት ጄኔሬተር የሚያስፈልገው መቼ ነው? የትኛውስ ይሻላል?

ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ማስላት እንዲገባው ጌታችን በወንጌል አስተምሮናል። ጄኔሬተር የሚገዛ ሰውም ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት በቤቱ ተቀምጦ ይቁጠር። ለምሳሌ 8 አምፖሎች፥ እያንዳንዳቸው 9 ዋት ሆነው 5 ሰዓት ቢበሩ 360 ዋት ሰዓት ይሆናል። ማቀዝቀዣ በቀን 1,200፥ ቴሌቪዥን 320፥ የተማሪ ኮምፒዩተር 180፥ የስልክ መሙያ 100 ይወስዳል ብንል፥ ጠቅላላው 2,160 ዋት ሰዓት፥ ማለትም ከ2 ኪሎዋት ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ነው። የእንጀራ ምጣድ ግን ብቻውን 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ ሁለት ሰዓት ቢጋገርበት 7 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ሌላው ዕቃ ሁሉ በሦስት ቀን የሚፈጀውን ምጣዱ በአንድ ጋገራ ይጨርሰዋል ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለምጣዱ ሲል ትልቅ ጄኔሬተር ይገዛል፤ ከዚያም ያንኑ ትልቅ ሞተር ለሁለት አምፖልና ለቴሌቪዥን ሲል ሌሊቱን ሲያስጮኸው ያመሻል። ሞተር ያለ ሥራ ሲዞርም ነዳጅ ይበላል። ስለዚህ እንጀራው መስመር ባለበት ቤት መብራት በመጣ ሰዓት፥ በሌለበትም በማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ቢጋገር፥ ጄኔሬተሩ በጣም ያንሳል፤ ዋጋውም አብሮ ያንሳል።

ቀጥሎ ወቅቱን ማየት ያስፈልጋል። 1 ኪሎዋት ሰሌዳ በአዲስ አበባ በበጋ በቀን 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሲሰጥ፥ በሐምሌና በነሐሴ ወደ 3 ይወርዳል። ይህም ከላይ ለቈጠርነው ቤት በደኅናው ቀን ይበቃል። የሚያስቸግረው ደመናው ሦስትና አራት ቀን ሳይገልጥ ሲቀር ነው። እንግዲህ ጄኔሬተሩ በዓመት ውስጥ ለጥቂት ቀናት የሚጠራ ረዳት እንጂ የዘወትር ሠራተኛ አይደለም። ሁልጊዜ የሚያስፈልግ ከሆነ ግን ጕድለቱ ከሰሌዳው ወይም ከባትሪው ስለሆነ፥ ገንዘቡን ለተጨማሪ ሰሌዳ ማዋል ይሻላል። በጾመ ፍልሰታ ሥጋና ወተት ከቤት ስለማይገባ፥ መድኃኒት የሚቀመጥበት ካልሆነ በቀር፥ ማቀዝቀዣው ያን ጊዜ ቢያርፍ ደግሞ ትልቅ ቁጠባ ነው።

የጄኔሬተሩ ትክክለኛ ሥራም ባትሪውን መሙላት ነው። በቀን ከ2 እስከ 3 ሰዓት በደኅና ጭነት አስነሥቶ ባትሪውን ሞልቶ ማጥፋት፥ ከዚያም ሌሊቱን በባትሪው በጸጥታ ማሳለፍ ይቻላል። ለዚህ ሥራ 2 ኪሎዋት የተጻፈበት ትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተር ይበቃል።

በዚህ ላይ ሻጮች ብዙ ጊዜ የማይናገሩት አንድ ነገር አለ። በጄኔሬተሩ ላይ የተጻፈው ኃይል ለባሕር ጠረፍ አየር የተለካ ነው። ሳሪስ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተሩም ከኃይሉ አራተኛውን እጅ ያህል ያጣል። 2 ኪሎዋት የተባለው እዚህ 1.5 ገደማ ይሆናል፤ እንጦጦ ላይ ደግሞ ከዚህም ያንሳል። ስለዚህ የሚያስፈልጋችሁን ኪሎዋት ቈጥራችሁ ሢሶውን ያህል ጨምሩበት። ጥቁር ጭስ የሚያወጣና ካንዴላው ቶሎ ቶሎ የሚጠቁር ከሆነ፥ ቤንዚኑ ከአየሩ በልጦበታልና ካርቡራተሩን ለደጋ አየር እንዲያስተካክለው ለባለሙያ አሳዩት። በ«ኬቪኤ» የተጻፈውንም ከኪሎዋት ጋር አታምታቱ፤ 2.5 ኬቪኤ ብዙ ጊዜ 2 ኪሎዋት ነው። የናፍጣው ጄኔሬተር ዕድሜው ቢረዝምም ክብደቱ፥ ዋጋውና ጩኸቱ ስለሚበልጥ፥ ብዙ ሰዓት ለማይሠራበት ቤት አይመከርም።

ከገዛችሁም በኋላ በወር አንድ ጊዜ ሩብ ሰዓት ያህል አስነሡት፤ ዘይቱን በመመሪያው መሠረት ለውጡ፤ ለብዙ ወራት የሚቆም ከሆነ ቤንዚኑን ከውስጡ አፍስሱ። ቤንዚን በጄሪካን ለመቅዳት ፈቃድ ሊጠየቅ ስለሚችል አስቀድሞ ማደያውን መጠየቅ ይገባል። የተቀዳውም እሳት ከማይደርስበትና ሕፃናት ከማይነኩት ስፍራ ይቀመጥ።

ከሁሉ የሚበልጠውን ለመጨረሻ አቆይተነዋል። ከሞተሩ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ መልክም ሽታም የለውም። በተዘጋ ቤት ከሰል አንድደው የተኙ ሰዎች ሳይነቁ የሚቀሩበት መርዝ ይኸው ነው። ስለዚህ ጄኔሬተር በማድ ቤት፥ በበረንዳ፥ በመጋዘን ውስጥ ከቶ አይነሣ። ከማንኛውም በርና መስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ በሜዳ ላይ ይቁም፤ የጭሱም አፍ ወደ ማንም ቤት አይዙር። ልብ እንድትሉልን የምንለምነው ይህን ነው፦ በጠባብ ግቢ ውስጥ ጩኸቱ ከሳሎን ይራቅ ሲባል፥ ጄኔሬተሩ ከጓሮ ተወስዶ ከቤት ሠራተኛዋ ክፍል መስኮት ሥር ወይም ከዘበኛው ጎጆ አጠገብ ይቆማል። ባለቤቶቹ በብርሃን ሲያመሹ፥ ደክማ የተኛችው የሰው ልጅ መርዙን ትተነፍሳለች። በግቢያችሁ 6 ሜትር የሚርቅ ስፍራ ከሌለ፥ ጄኔሬተሩን ትታችሁ ባትሪ ጨምሩ። የጎረቤትም መስኮት እንደ ገዛ መስኮታችን ይቈጠር።

እንዲሁም መስመር ያለው ቤት ጄኔሬተሩን በግድግዳ ሶኬት በኩል አያገናኝ። ኃይሉ ወደ ውጭ ሽቦ ተመልሶ፥ መብራት ሊጠግን ምሰሶ ላይ የወጣውን ሠራተኛ ሊገድል ይችላል። አንዱ ሲበራ ሌላውን የሚያቋርጥ ማዞሪያ በባለሙያ ይተከል።

ከጨለማ ለመውጣት መድከም መልካም ነው፤ ለልጆች ጥናትና ለማታው ጸሎት ብርሃን ያስፈልጋልና። ብርሃናችን ግን በሌላው ሰው እስትንፋስ የተገዛ እንዳይሆን እንጠንቀቅ። ሞተሩን ከማስነሣታችሁ በፊት በግቢው ዞራችሁ፥ ማን የት እንደ ተኛ ተመልከቱ። እግዚአብሔር ቤታችሁን ይጠብቅ።