ጎረቤቱን የሚያስር ኮምፒውተር

ኬን ቶምሰን ዩኒክስ ለተባለው ሥርዓተ ክወና የሠራው «ኢዲ» የተባለ የጽሑፍ ማረሚያ ሰው ሲሳሳት የሚመልሰው አንድ ምልክት ብቻ ነበር፤ «?»። ያኔ መልሱ የሚወጣው ወረቀት ላይ እየቀጠቀጠ በሚያትም ዘገምተኛ ቴሌታይፕ ነውና ቃል መቆጠብ ያስኬድ ነበር። ቴሌታይፑ ሙዚየም ገባ፤ ቁጠባው ግን የሙያው ወግ ሆኖ ቀረ። ዛሬም ጀማሪ ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁር መስኮት ላይ ግራ ገብቶት ሲጠይቅ «ማኑዋሉን አንብብ፣ እኛም እንዲሁ ነው የተማርነው» ይሉታል። በኩርኩም የተማረ ሁሉ ኩርኩሙን ትምህርት ያደርገዋል።

ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ እንይ። ቅንፍ ከፍቶ ሳይዘጋ ወደ ታች ላለፈ ሰው ለዓመታት የሚሰጠው መልስ «ኢንቫሊድ ሲንታክስ» ነበር፤ ብዙ ጊዜ ጣቱን የሚቀስረውም ምንም ባላጠፋው ቀጣይ መስመር ላይ ነው። ጥፋተኛው እያለ ጎረቤቱን ማሰር ማለት ይኼ ነው። ጀማሪው ንጹሑን መስመር ሲያፈርስና ሲሠራ ያመሻል። በ2021 የወጣው 3.10 እትም ግን «ይህ ቅንፍ አልተዘጋም» ብሎ ቅንፉን ራሱን ያሳያል። የሚያናድደኝ፣ ፕሮግራሙ ያልተዘጋ ቅንፍ መኖሩን ድሮም ይቆጥር ነበር። እያወቀ ነው ዝም ያለው።

የእኛ አገር ጀማሪ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። የአማርኛውን ኪቦርድ ሳይቀይር በኮለን (:) ቦታ «፡» ይመታል። በዓይን ማን ይለያቸዋል? የቀድሞዎቹ የፓይተን 3 እትሞች ስም ውስጥ የማይፈቀድ ፊደል አለ ይሉና የትኛው እንደሆነ አይናገሩም ነበር። የአሁኖቹ ምልክቱን ከነዩኒኮድ ቁጥሩ፣ 1361 ብለው፣ ያወጡታል። «ኮለን ፈልገህ ነው ወይ?» ማለት ግን አሁንም አልለመደባቸውም።

አንጋፋዎቹ ረጅም መልእክት ያሰለቻል ሲሉ እውነት አላቸው። ራስት የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ለዚህ መላ አበጅቷል፤ ስሕተቱን ያለበት ቦታ ላይ አሳይቶ ኮድ ይሰጠዋል፣ የፈለገ በኮዱ ሰፊውን ማብራሪያ ያስወጣል፣ የማይፈልግ ያልፈዋል። ደግሞም ቃል ማብዛት በራሱ ግልጽነት አይደለም። የኮድ ለውጥ የሚመዘግበው ጊት «ዲታችድ ሄድ» (የተነጠለ ራስ) ውስጥ ነህ ሲል በርከት ያሉ መስመሮች ጽፎ ምክርም ይጨምራል፤ ግን «ሄድ» ምን እንደሆነ ቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ነው የሚመክረው። የማያውቀው ልጅ ራስ የተቆረጠ መስሎት መስኮቱን ይዘጋል።