የመተማን ሙቀት ያልቀመሰ ፈተና

የግራፊክስ ካርድ መግዛት ያሰበ የገንዳ ውኃ ወጣት መጀመሪያ የሚያደርገው የታወቀ ነው። ዩቲዩብ ይከፍታል፤ ሁለት ካርዶች ጎን ለጎን ሲወዳደሩ ያያል፤ ቁጥሩ ከፍ ያለውን ይመርጣል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ገንዘብ ማግኘት ብቻ ይመስለዋል። ችግሩ ግን እዚያው መጀመሪያው ላይ ነው። ያየው ውድድር ለእሱ አገር የተደረገ ውድድር አይደለም።

ከቁንጮዎቹ ይጀመር። የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 4090 እ.ኤ.አ. በ2022 በ1,599 ዶላር ወጣ። 24 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው፤ እስከ 450 ዋት ይወስዳል። ተተኪው 5090 በ2025 መጀመሪያ በ1,999 ዶላር መጣ፤ ሜሞሪው 32 ጊጋባይት፣ ኃይሉ 575 ዋት። ገለልተኛ ፈታሾች በ4ኬ ጥራት ሲለኩት አዲሱ ከአሮጌው በአማካይ ሲሶ ገደማ ወይም ከዚያ ትንሽ ያነሰ ብልጫ አሳየ። ወሬው ሁሉ ስለዚያ ብልጫ ሆነ። ሒሳቡ ግን ይታይ፦ ዋጋው 25 በመቶ፣ የሚወስደው ኃይል ደግሞ 28 በመቶ ገደማ ጨምሯል። የተገኘው ፍጥነት ከተጨመረው ኤሌክትሪክና ከተጨመረው ገንዘብ ብዙም አልራቀም።

ማስታወቂያው ደግሞ ከዚህም ይብሳል። የኤንቪዲያው አለቃ ጄንሰን ሁዋንግ በጥር 2025 ላስ ቬጋስ መድረክ ላይ ቆሞ የ549 ዶላሩ 5070 የ4090ን አቅም ይሰጣል አለ። ይህ ንግግር የቆመው በሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚፈበረኩ የጨዋታ ምስሎች ላይ ነው፤ ካርዱ አንድ ምስል ሠርቶ እስከ ሦስት የሚደርሱ ተጨማሪ ምስሎችን ከግምት ይሞላል። ያ ሲጠፋ 5070 ከ4090 በብዙ ይርቃል። የሰርግ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ወይም በብሌንደር የሕንፃ ንድፍ ለሚሠራ ሰው እነዚያ የተሞሉ ምስሎች ምንም አይፈይዱም።

አሁን ወደ ቆላው። የካርድ ማቀዝቀዣ ካርዱን ከክፍሉ አየር በታች ሊያወርደው አይችልም። የሚችለው በካርዱና በአየሩ መካከል ያለውን ልዩነት መጠበቅ ብቻ ነው። 22 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ 68 ዲግሪ ላይ የሚረጋ ካርድ ከአየሩ በ46 ዲግሪ ይበልጣል ማለት ነው። ያንኑ ካርድ በመጋቢትና በሚያዝያ ቀትር 42 ዲግሪ በሚደርስ የመተማ ዮሐንስ ክፍል ውስጥ ያስቀምጡት፤ ወደ 88 ዲግሪ ይጠጋል። ኤንቪዲያ ለ4090ም ለ5090ም ያስቀመጠው ጣሪያ 90 ዲግሪ ነው። ካርዱ ወደ ጣሪያው ሲቃረብ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። የተከፈለበት ብልጫ በቀትር ይተናል። በዚያ ላይ ካርዱ የወሰደው ኤሌክትሪክ ሁሉ ተመልሶ ሙቀት ሆኖ ክፍሉ ውስጥ ይቀራል። 575 ዋት ካርድ ከነፕሮሰሰሩ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ በዚያች ክፍል ውስጥ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ተጥዳ እንደዋለች ይቆጠራል።

የአዲስ አበባ ልምድም ለመተማ አይሆንም። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ያለው የአዲስ አበባ አየር ስስ ስለሆነ ማራገቢያው የሚያነሳው ሙቀት ያንሳል፤ አየሩ ግን ቀዝቃዛ ነው። መተማ ላይ አየሩ ወፍራም ነው፤ ግን ትኩስ ነው፣ አቧራም ይዟል። እያንዳንዱ ቦታ የራሱ ሚዛን ያስፈልገዋል። የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ የሰው አገር ውጤትም እንዲሁ።

ይህ ነገር ለቆላ ሰው እንግዳ አይደለም። ሲኖትራክ ሊገዛ የሚያስብ የመተማ ነጋዴ «ባዶውን በሰዓት ስንት ይሮጣል?» ብሎ አይጠይቅም። ሰሊጥ ጭኖ ወደ አይከል የሚያወጣውን ዳገት እንዴት እንደሚወጣ፣ ስንት ነዳጅ እንደሚበላ፣ ውኃው እንደሚፈላ ወይም እንደማይፈላ ይጠይቃል። ልጁ ካርድ ሲገዛ ያንኑ የአባቱን ጥያቄ ቢጠይቅ በቂው ነበር።

መብራቱም አለ። ወደ ገዳሪፍ የሚሻገረው የ230 ኪሎ ቮልት መስመር የሚያልፈው በመተማ በኩል ነው። የመስመሩ ማለፍና የሱቁ ቮልቴጅ መርጋት ግን ለየቅል ናቸው። በየሱቁ የሚታየው የ650 ቪኤ ዩፒኤስ የሚሸከመው 400 ዋት እንኳ አይሞላም። 5090 ብቻውን ከዚያ በላይ ነው። መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር የግማሽ ቀን ሥራ የሚጠፋበት ካርድ «ፈጣን» ሊባል አይገባውም።

«ይህ ሁሉ የቅንጦት ወሬ ነው» የሚል ይኖራል። ቅንጦት የሚሆነው ገንዘቡ ትርፍ ለሆነለት ሰው ነው። ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት 2,000 ዶላር በባንክ ዋጋ 114 ሺሕ ብር ገደማ ነበር። ዛሬ ቀረጥና የነጋዴ ትርፍ ሳይጨመር ከዚያ እጥፍ በላይ ነው። ይህ ለአንድ የቪዲዮ ቤት የሱቅ ኪራይ ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ የሰሊጥ ምርት ነው። ተሳስቶ የተገዛ ካርድ ደግሞ ዋስትናውን ይዞ ወደ ገዳሪፍም ወደ ጎንደርም አይመለስም።

ስለዚህ የንጽጽሩ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። መጀመሪያ ሜሞሪ፦ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ የታየ ሰው ያለ ኢንተርኔት በገዛ ኮምፒውተሩ የሚሠራ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴል ምን ዋጋ እንዳለው ያውቃል። ሞዴሉ ሜሞሪው ውስጥ ካልገባ ፍጥነት አያድነውም። የ999 ዶላሩ የኤኤምዲ አርኤክስ 7900 ኤክስቲኤክስ 24 ጊጋባይት አለው፤ በዚያው ዋጋ የወጣው አርቲኤክስ 5080 ግን 16 ብቻ ነው። ሁለተኛ ሶፍትዌር፦ ለኤንቪዲያው ኩዳ ብቻ የተጻፈ ፕሮግራም ኤኤምዲ ላይ አይሠራም፤ ከመክፈል በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። ሦስተኛ በአንድ ዋት የሚገኝ ሥራ። ፍጥነት ከእነዚህ ቀጥሎ ይምጣ።

ትልቁን ካርድ የገዛም ቢሆን ኃይሉን ይገድብ። 4090 ወደ 70 በመቶ፣ ማለትም ወደ 315 ዋት ሲወርድ በብዙ ሥራዎች የሚያጣው ፍጥነት ከ10 በመቶ ያነሰ ነው። ይህ አንድ ሳንቲም የማይጠይቅ ማስተካከያ ነው፤ በቆላ ግን ከአዲስ ማራገቢያ ይበልጣል።

በአማርኛ ስለ ቴክኖሎጂ የሚያስተምሩ ወጣቶች በርክተዋል። የውጭውን ሠንጠረዥ ተርጉሞ ማቅረብ ቀላል ነው። አንዱን ካርድ በሚያዝያ ቀትር ገንዳ ውኃ ወስዶ፣ ለሁለት ሰዓት አሠርቶ፣ ዋቱንና ዲግሪውን ጽፎ ማውጣት ግን ለዚያ አገር ገዢ ከመቶ የተተረጎመ ሠንጠረዥ ይጠቅመዋል። የሚያስፈልገው አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ቴርሞሜትርና የአውቶብስ ትኬት ነው።