ትዝታ ይሸጣልን?

ስለ ቪዲዮ ጨዋታ መጻፍ ወረቀትና ቀለም ማባከን ነው የሚሉ ጓደኞች እንደሚኖሩ እናውቃለን። እነዚሁ ጓደኞች ግን ፈተና ባለቀ ማግስት በየዶርሙ በአንድ ላፕቶፕ ዙሪያ አምስትና ስድስት ሆነው ተደራርበው ስለምናያቸው፣ ከነርሱ ጋር ክርክር አንገጥምም። የምንጽፈው ስለ አንድ ጨዋታ ብቻ ነው፤ ይኸውም ስለ «ማስ ኢፌክት»፣ ከዚያም ውስጥ «ሲታደል» ተብሎ በስተመጨረሻ ስለ ተጨመረው ክፍል። ጥያቄያችንም ይህ ነው፦ ሰው ለሚወደው ታሪክ ያለውን ናፍቆት ዐውቆ፣ ያንኑ ናፍቆት በዋጋ መሸጥ የተገባ ነውን? የተገባ ከሆነስ እንዴት ያለው ነው?

ለማያውቁት አንባቢዎች ባጭሩ እንናገር (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። «ማስ ኢፌክት» በካናዳ በኤድመንተን ከተማ ባዮዌር የተባለው ኩባንያ የሠራው ባለ ሦስት ክፍል ጨዋታ ሲሆን፣ የመጀመሪያው በ2007፣ ሁለተኛው በ2010፣ ሦስተኛው በ2012 ወጣ። ተጫዋቹ ሼፓርድ የተባለውን የጠፈር መርከብ አዛዥ ሚና ይይዛል፤ ሼፓርድን ወንድ ወይም ሴት ማድረግ የራሱ ምርጫ ነው። ጠላቶቹ በየ50,000 ዓመቱ እየመጡ የሠለጠነውን ፍጥረት ሁሉ የሚያጭዱ ግዙፍ መኪናዎች ናቸው። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ከሌላው አይለይም። የሚለየው የተጫዋቹ ውሳኔ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ተሻግሮ በመሄዱ ነው። በመጀመሪያው ክፍል ቪርማየር በምትባል ፕላኔት ላይ ከሁለት የጦር ጓደኞች አንዱን ብቻ ማዳን ግድ ይሆናል፤ ያን ዕለት የሞተው ከአምስት ዓመት በኋላ በወጣው ክፍልም ሙት ነው። በሁለተኛው ክፍል መጨረሻ ደግሞ ዝግጅቱን ችላ ያለ አዛዥ ጓዶቹን አንድ ባንድ ያስጨርሳል። ስለዚህ ጋረስን፣ ታሊን፣ ሬክስንና ሊያራን እስከ ሦስተኛው ክፍል በሕይወት ያደረሰ ሰው ወዳጅነታቸውን እንደ ራሱ ድካም ፍሬ ቢያየው አይፈረድበትም።

እንግዲህ በማርች 2012 ሦስተኛው ክፍል ሲወጣ፣ ይህ ሁሉ ውሳኔ በመጨረሻው ሰዓት ወደ ሦስት ምርጫዎች ጠበበ። ሦስቱም መደምደሚያዎች በቀይ፣ በሰማያዊና በአረንጓዴ ብርሃን ከመለያየታቸው በቀር እጅግ ይመሳሰሉ ነበር። ተጫዋቾቹ ተቈጡ። ቍጣቸው ግን ስድብ ብቻ አልነበረም፤ ከመካከላቸው ለታመሙ ሕፃናት የሚሆን ወደ 80,000 ዶላር ያዋጡ አሉ። ሌሎቹ ደግሞ ወደ 400 የሚሆኑ ትንንሽ ኬኮች በሦስቱ ቀለሞች አስቀብተው ወደ ኩባንያው ቢሮ ላኩ፤ ቀለሙ ሦስት፣ ጣዕሙ ግን አንድ ነበር። (ከዚህ የበለጠ አጭርና ግልጽ የሥነ ጽሑፍ ሂስ በክፍል ውስጥም አልሰማን።) ኩባንያው በጁን 2012 መደምደሚያውን የሚያብራራ ጭማሪ ያለ ዋጋ ሰጠ። ከዚያም በማርች 5 ቀን 2013፣ በ15 ዶላር ገደማ፣ «ሲታደል» መጣ።

«ሲታደል» ምንድን ነው? ድግስ ነው። አንደርሰን የተባለው አንጋፋ አድሚራል ቤቱን ለሼፓርድ ይሰጠውና ዕረፍት እንዲወስድ ይነግረዋል። ሼፓርድ ዕረፍቱን ሳይጀምር በጠላት ይከበባል፤ ከምግብ ቤት የመስተዋት ወለል ተሰብሮበት ይወድቃል፤ ጓዶቹም ይስቁበታል። በመጨረሻ የቀሩት ወዳጆች ሁሉ በዚያ ቤት ተሰብስበው ሲበሉ፣ ሲጠጡ፣ ሲቀላለዱ ያመሻሉ። ነገሩ ይኸው ነው።

በዚህ ላይ የሚሰማው ተቃውሞ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው፣ ዓለም እየነደደ ግብዣ ምን ይባላል የሚል ነው። ይህን ብዙ አንቈጥረውም። በጦርነት መካከል ለአንድ ሌሊት የሚስቅ ወታደር አዲስ ነገር አይደለም፤ የማይስቅ ቢሆን ነው የሚገርመው። ሁለተኛው ይከብዳል፦ ኩባንያው የተቈጣውን ሕዝብ በትዝታ አፉን አስያዘው፣ በመደምደሚያው የበደለውን በሳቅ ሊያስረሳ ፈለገ ይላሉ። በበኩላችን ይህን ክስ የምንመረምረው ድግሱ ምን እንደ ሠራና ምን እንዳልሠራ በማየት ነው።

ያልሠራው ነገር፣ አንድም ሙት አለማስነሣቱ ነው። በቪርማየር የቀረው አልተመለሰም። በሦስተኛው ክፍል የሚሞተው ቴን የተባለው ነፍሰ ገዳይ በድግሱ ላይ አይቀመጥም፤ ይልቁንም ወዳጆቹ በዚያው ቤት ተሰብስበው መታሰቢያ ያደርጉለታል፣ እያንዳንዱም ስለ እርሱ የሚያስታውሰውን ይናገራል። ለቅሶና ድግስ በአንድ ጣሪያ ሥር መሆናቸው ለኛ አገር አንባቢ ማብራሪያ አያሻውም። እንዲሁም በድግሱ የሚገኙት ተጫዋቹ ያተረፋቸው ብቻ ናቸው። በቸልታው ሚራንዳንና ጃክን ያስጨረሰ አዛዥ ጠባብ ድግስ ይደግሳል። ትዝታው እንደ ሥራው ይሰፈርለታል ማለት ነው። አፍ ለማስያዝ የተሰጠ ጉቦ ቢሆን ኖሮ ለሁሉም እኩል ይታደል ነበር።

የሠራው ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። የክፍሉ ጠላት ሌላ ማንም ሳይሆን የሼፓርድ ክሎን ነው። ሰርበረስ የተባለው ድርጅት ሼፓርድን ከሞት ባስነሣው ጊዜ፣ እጅ ወይም ሳንባ ቢያስፈልግ መለዋወጫ እንዲሆን ያሳደገው ግልባጭ። መልኩ አንድ፣ ድምፁ አንድ፤ ሼፓርድ ከ2007 ጀምሮ ጭውውቱን ሁሉ የሚዘጋበትን የስንብት አባባል እንኳ ሲናገረው ይሰማል፤ ሼፓርድም ደንግጦ «እኔ እንዲህ ነው እንዴ የምናገረው?» ዓይነት ነገር ጓዶቹን ይጠይቃል። በመጨረሻው ትግል ሁለቱም ከመርከቢቱ በር ጫፍ ላይ ተንጠልጥለው ይቀራሉ። ሼፓርድን ጓዶቹ ሮጠው ይስቡታል። ግልባጩን ግን አብራው የመጣችው ሴት አይታው ጥላው ትሄዳለች። ሼፓርድ እጁን ቢዘረጋለት እንኳ፣ ለምን ብዬ ልኑር ብሎ ይለቃል።

ጸሐፊዎቹ ይህን ሲጽፉ ስለ ራሳቸው ሥራ እየተናገሩ እንደ ነበረ አንጠራጠርም። የድሮ ታሪክ መልኩንና ድምፁን ይዞ ሊገለበጥ ይችላል፤ ዛሬ ከሚሸጠው «የድሮ ትዝታ» አብዛኛው እንዲህ ያለ መለዋወጫ ነው። የሚወደድ ሰው ስም ይጠራል፣ የታወቀው ሙዚቃ ይሰማል፣ ከዚያ ምንም የለም። «ሲታደል» ግን ናፍቆታችን ለሼፓርድ ሳይሆን በዙሪያው ለነበሩት መሆኑን ዐውቆ እነርሱን ሰጠን።

ታዲያ ቅሬታ የለንምን? አለን፣ እርሱም ስለ ገንዘቡ ነው። ዋናው ጨዋታ 60 ዶላር ነበር። በዚያው በወጣበት ቀን «ፍሮም አሽስ» የተባለው ጭማሪ በ10 ዶላር ቀረበ፤ ከዚያ «ሌቫያታን» በ10፣ «ኦሜጋ» በ15፣ በመጨረሻም «ሲታደል» በ15። ተደምሮ 50 ዶላር ይሆናል፤ ሌላ አንድ ጨዋታ ሊገዛ ምን ቀረው? ከሁሉ የሚከፋው የጃቪክ ነገር ነው። ጃቪክ ከጠፋው የጥንት ሕዝብ የተረፈ ብቸኛ ሰው ሲሆን የሚገኘው «ፍሮም አሽስ»ን ለገዛ ብቻ ነበር። ስለዚህ በድግሱ ላይ የአንዱ ወንበር ባዶ የሚሆነው በሞት ሲሆን፣ የሌላው ወንበር ባዶ የሚሆነው በኪስ ምክንያት ነው። የመጀመሪያውን ባዶ ወንበር ተጫዋቹ ራሱ አመጣው፤ ሁለተኛውን ያመጣው ሻጩ ነው፤ ተጫዋቹም ሲያየው የሚያስበው ስለ ጃቪክ ሳይሆን ስለ ኪሱ ይሆናል። ስንብትን ከታሪኩ ቈርጦ ለብቻው ዋጋ መለጠፍም እንዲሁ ነው። በ2021 ሦስቱ ክፍሎች ታድሰው በአንድ ላይ ሲወጡ «ሲታደል»ም ጃቪክም በውስጡ ገቡ፤ ከመጀመሪያው እንዲህ ሊሆን ሲገባው ዘጠኝ ዓመት ፈጀ።

ሌላም እንከን አለ፣ እርሱን ግን እንታገሠዋለን። ድግሱ የሚደረገው ከመጨረሻው ዘመቻ በፊት ስለሆነ፣ በ2012 ጨዋታውን የጨረሰ ሰው ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ማን እንደሚሞት እያወቀ መግባት ነበረበት። አንደርሰን በዚያ ቤት ስለ ሕይወቱ የተናገረውን የድምፅ ቅጂ ትቶ ሄዷል፤ ሰሚው ይህ ሽማግሌ ጥቂት ቈይቶ በሼፓርድ አጠገብ እንደሚሞት ያውቃል። አዲስ ተጫዋች ይህን አያውቅም፤ ለርሱ ድግሱ ሳቅ ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ ለሚጀምሩት ጓደኞች የምንለው፣ ሦስቱንም ሳትጨርሱ ዘልላችሁ ወደዚህ አትምጡ ነው።

ኩባንያው በዲሴምበር 2020 እየተሠራ ስላለው ሌላ «ማስ ኢፌክት» የማስታወቂያ ቪዲዮ ሲያወጣ፣ ያረጀች ሊያራ ከበረዶ መካከል የሼፓርድን የሚመስል የጦር ልብስ ስብርባሪ ስታነሣ አሳየን። ብዙ ሰው ሼፓርድ ይመለሳል ብሎ እልል አለ። እኛ አላልንም። የሚመለሰው መልኩና ድምፁ ብቻ ከሆነ ያንን በ2013 ከመርከቢቱ በር ላይ ሲወድቅ አይተነዋል። ሊያራ ሌላ መርከብና ሌሎች ጓዶች ትፈልግ፤ ያነሣችውንም ስብርባሪ በኪሷ ይዛ ትሂድ።