እንጀራ ማለት ጤፍ ማለት ነውን?

ካርቱም ውስጥ የኖርን ኢትዮጵያውያን የኮሮናን ዘመን ስናነሣ ከአፋችን የማትጠፋ አንዲት አነጋገር አለች፤ «ያን ጊዜ እኮ ማሽላ እስከ መብላት ደርሰን ነበር» የምትል። በአል-ሳሃፋ የእንጀራ ደንበኞች ዘንድ ይህች አነጋገር የመከራ ማስረጃ ሆና ትቀርባለች። እኔ ግን የባዶ ኩራታችን ማስረጃ ናት እላለሁ።

እ.ኤ.አ. በማርች 2020 የመጀመሪያው ሕመምተኛ እንደ ተሰማ ሱዳን አየር ማረፊያዎቿንና የየብስ በሮቿን ለመንገደኛ ዘጋች። ከኤፕሪል 18 ጀምሮ የካርቱም ሕዝብ በቤቱ እንዲቀመጥ ታዘዘ፤ ሦስቱን ከተሞች የሚያገናኙት ድልድዮችም ተዘጉ። ለሦስት ሳምንት የተባለው እገዳ እየተራዘመ እስከ ጁላይ ዘለቀ። ኢትዮጵያ ከ2006 ጀምሮ ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይሸጥ ስለ ከለከለች፣ በመተማ በኩል የሚመጣው ጤፍ ቀድሞም የመንገደኛ ሻንጣና የትንሽ ነጋዴ ጆንያ ነበር፤ መንገደኛው ሲቀር እርሱም ቀረ። የከተማው ዳቦ ቢሆን በአብዛኛው የቆመው ከባሕር ማዶ በሚገዛ ስንዴ ላይ ነው። በዲሴምበር 2018 በአትባራ የተነሣው ተቃውሞ ከዳቦ ዋጋ መጀመሩን ማን ይዘነጋል?

በዚህ ሁሉ መካከል ድንበርም ባሕርም ሳይሻገር ከገዳሪፍ ሜዳ የሚመጣ አንድ እህል ነበረ፤ ማሽላ። እዚያው በምሥራቅ ሱዳን፣ ከካሰላ አቅራቢያ፣ ከ5 ሺህ ዓመት በፊት የለማ ማሽላ አሻራ በሸክላ ስባሪ ላይ ተገኝቷል። የገዳሪፍን እርሻ ለብዙ ዓመታት ሲያርምና ሲያጭድ የኖረውም በመተማ ተሻግሮ የሚሄደው የእኛው የቀን ሠራተኛ ነው። ታዲያ ወንድማችን ያጨደውን እህል እንደ ባዕድ የምናየው ስለ ምንድን ነው?

በትርጉም ሥራ የምኖር ሰው ነኝና አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ሱዳናዊው «ዐይሽ» ሲል ቃሉ በመነሻው ሕይወት ማለት ነው፤ ዳቦንም ማሽላንም ይጠራበታል። በእኛም ዘንድ «እንጀራ» መብል ብቻ ሳይሆን መተዳደሪያም ነው። ከሁለቱ ቃላት አንዳቸውም ስለ ጤፍ አይናገሩም። የሐረርጌ ገበሬና የወሎ ቆላ ሰው የማሽላ እንጀራ ሲቆርሱ «ተቸገርን» ይላሉን?

ጉዳቱ የወደቀው ግን በበላተኛው ላይ አልነበረም። ጋግራ በመሸጥ የቤት ኪራይ የምትከፍለው እኅት ጤፍ ሲጠፋ ማሽላ ብትቀላቅል «አጭበረበረችን» አልናት፤ ማሽላውን ብቻ ብትጋግር ጠቆረ፣ ሻከረ ብለን መሶቧን ሳንነካ ተመለስን። መንግሥት በእገዳው ከመንገድ አስወጣት፤ እኛ ደግሞ በምላሳችን ከገበያ አስወጣናት። ስለ ወገን ፍቅር በየበዓሉ የምንደሰኩር ሰዎች ይህን ማድረጋችን ያስገርማል።

የማሽላ እንጀራ በማግሥቱ ይደርቃል፣ ይፈረፈራል የሚል ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ነጭ ማሽላ መርጦ፣ በደንብ አቡክቶ፣ አብሲቱን ጥሎ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መጋገር ለባለሙያዋ እንግዳ ሥራ አይደለም። የሚያስፈልጋት በየቀኑ የሚመጣ ደንበኛ ነው።

በኤፕሪል 2023 ጦርነቱ ሲፈነዳ የአል-ሳሃፋ ሰው ወደ መተማም፣ ወደ ገዳሪፍም፣ ወደ ፖርት ሱዳንም ተበተነ። በዚያ ጊዜ የከተማው ወጣቶች በየሠፈሩ ባቋቋሙት የነጻ ማዕድ ድስት ፊት የቆመ ሁሉ የእህሉን ዘር አልጠየቀም። አሁን በሄደበት ያለውም ሆነ ወደ ሠፈሩ የተመለሰው እንደገና መሶብ ሲዘረጋ የቀድሞውን ልማድ ይዞ ባይጀምር ይሻላል። አሥር ቤተ ሰቦች ገንዘብ አዋጥተው፣ አዝመራው በገባ ሰሞን ዋጋው ሳይወጣ ጥቂት ጆንያ ማሽላ ከገዳሪፍ ነጋዴ ቢገዙና ለጋጋሪዋ የወሩን ሒሳብ አስቀድመው ቢሰጧት፣ መተማ ቢዘጋም ምጣዷ አይቀዘቅዝም። ጤፍ ሲገኝ ደግሞ ለበዓል ይሁን።