መብራት ሲጠፋ የሚቀጣው ማን ነው?

ሮቤ ከተማ፣ አንድ የፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ነው፡፡ ሁለት ጎረምሶች የእግር ኳስ ጨዋታ ይዘው፣ አንዱ 2 ለ 1 እየመራ ሳለ መብራት ድርግም አለ፡፡ «አሸንፌያለሁ» አለ የመራው፡፡ «ገና አላለቀም» አለ የተመራው፡፡ የቤቱ ባለቤት ከመቀመጫው ሳይነሳ ፈረደ፤ «ሒሳብ የለም፤ ሲመጣ ከዜሮ ትጀምራላችሁ፡፡» ሁለቱም አጉረመረሙ፣ ሁለቱም ተቀበሉ፡፡ ድሮ ተሟጋቾች መንገደኛ አስቁመው «ተጠየቅ» የሚባባሉበትን ችሎት አስታወሰኝ፡፡

እነዚሁ ልጆች ማታ ቤታቸው ገብተው በስልካቸው ከዓለም ጋር ሲጫወቱ ግን ዳኛው ሌላ ነው፡፡ «የልጆች ጨዋታ ምን የሚያጽፍ ነገር አለው?» የሚል አንባቢ ጥቂት ይታገሠኝ፡፡

በኢንተርኔት በሚደረግ ጨዋታ ማን ከማን ጋር እንደሚገጥም የሚወስነው የተጻፈ ደንብ ነው፡፡ ደንቡ በዋናነት ሦስት ነገሮችን ይመዝናል፤ ችሎታን፣ የመስመር ፍጥነትንና ተጫዋቹ ተጋጣሚ እስኪገኝለት የሚጠብቀውን ጊዜ፡፡ ችሎታን በነጥብ የመለካቱ ዘዴ የመጣው ከቼዝ ነው፡፡ አርፓድ ኢሎ የተባሉ የፊዚክስ መምህር የቀመሩትን ስሌት ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1970 ተቀብሎታል፡፡ ዛሬ የአማዞን ኩባንያ ፍሌክስማች በተሰኘ አገልግሎቱ ለጨዋታ ሠሪዎች የደንብ መጻፊያ ያቀርባል፡፡ ሠሪው የቡድኑን ብዛት፣ የሚፈቀደውን የነጥብ ልዩነትና የመዘግየት ጣሪያ በቁጥር ያስቀምጣል፡፡ ተጋጣሚ ከጠፋ ደግሞ ከስንት ሰከንድ በኋላ ወሰኑ እንደሚላላ ይወስናል፡፡

እንግዲህ ይህን ደንብ ወደ ባሌ ደጋ እናምጣው፡፡ ጎባና ሮቤ ከ15 ኪሎ ሜትር በላይ አይራራቁም፡፡ ሰርቨር የሚባለው ማዕከላዊ ኮምፒዩተር አውሮፓ ከሆነ ግን የጎባውና የሮቤው ልጅ የሚገናኙት እዚያ ነው፡፡ ብርሃን በመስታወት ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200 ሺሕ ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፡፡ 6 ሺሕ ኪሎ ሜትር ርቆ ለሚገኝ ሰርቨር ደርሶ መልሱ፣ ገመዱ ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ፣ 60 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፡፡ ገመዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፡፡ ጣሪያው ጠበቅ ካለ የባሌው ልጅ ተጋጣሚ ያጣል፤ ከላላ ይገጥማል፣ ግን ዘግይቶ ይተኩሳል፡፡ ይህን ማንም በክፋት አላደረገውም፡፡ ቁጥሩን የጻፈው ሰው ምናልባት ባሌን አያውቃትም፡፡

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ቅጣቱ ነው፡፡ ጨዋታ አቋርጦ የወጣ ተጫዋች ነጥቡ ይቀነሳል፣ ለተወሰነ ጊዜም ይታገዳል፡፡ የደንቡ ዓላማ ትክክል ነው፤ ከአምስት ሰዎች አንዱ ሲሸሽ አራቱ ይጎዳሉ፡፡ ለምሳሌ ዶታ 2 የተሰኘው ጨዋታ ከመስመር ለወጣ ተጫዋች 5 ደቂቃ ይሰጠዋል፤ ካልተመለሰ እንደከዳ ይቆጥረዋል፡፡ የሸሸውንና መብራት የጠፋበትን ግን አይለይም፡፡

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ይለያል፡፡ በአንቀጽ 1792 ባለዕዳው ሊገምተው የማይችል፣ ግዴታውንም እንዳይፈጽም ፈጽሞ የሚያግደው ነገር ሲደርስ ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል እንደሆነ ይደነግጋል፡፡ አንቀጽ 1793 እንደ ነገሩ ሁኔታ በዚህ ሥር ሊወድቁ ከሚችሉት መካከል የመንግሥትን ክልከላ ይጠቅሳል፡፡ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ሲዘጋ፣ በጨዋታ መሀል የነበረ ልጅ ከዳተኛ ነው የሚል ዳኛ ይገኛል?

አንድ ጠንቃቃ ጠበቃ «መብራት እንደሚጠፋ ማን ያልገመተ አለ?» ብሎ ሊከራከረኝ ይችላል፡፡ ጥሩ መከራከሪያ ነው፤ ነገር ግን የሚከራከሩት ዳኛ ፊት ነው፡፡ እዚህ ዳኛም ችሎትም የለም፡፡ ለማሽኑም ቢሆን ነገሩ ከባድ አይመስለኝም፡፡ ከአንድ አካባቢ ብዙ ተጫዋቾች በአንድ ቅጽበት ከመስመር ከወጡ፣ ሁሉም ተማክረው አልሸሹም፡፡

ጉዳዩ በጨዋታ የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩ፡፡ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. በከፊል በኦንላይን መሰጠት ጀምሯል፡፡ መስመር ሲቋረጥ ሰዓቱ ይቆማል ወይስ ይሮጣል? የተፈታኙ መልስ ይቀመጣል ወይስ ይጠፋል? እነዚህ ጥያቄዎች የቴክኒክ ቢመስሉም የሕግ ጥያቄዎች ናቸው፡፡ መልሳቸውም ተፈታኙ ወንበር ላይ ከመቀመጡ በፊት ሊነገረው ይገባል፡፡ ባሌ ሕግ በአደባባይ ተመክሮበት የሚታወጅበት የገዳ ሥርዓት አገር ነው፤ የሮቤው ዩኒቨርሲቲ በስሙ የሚጠራበት መዳ ወላቡም የሚታወቀው በዚሁ ነው፡፡ በስውር የተጻፈ ደንብ ለዚህ አገር ሰው ባዕድ ነው፡፡

ስለዚህ ጨዋታ የሚሠሩ የአገራችን ወጣቶችም ሆኑ ፈተናና አገልግሎት ወደ ኮምፒዩተር የሚያዞሩ መሥሪያ ቤቶች ሦስት ነገር ያስቡ፡፡ ደንቡ አስቀድሞ ይነገር፤ በራሱ ጥፋት ያልወጣ ሰው የሚመለስበት በር ይኑረው፤ ቅጣትም ሲጣል ይግባኝ የሚሰማ ሰው ይቀመጥ፡፡

የሮቤው የጨዋታ ቤት ባለቤት ፍርድ ትክክል ነበር አልልም፡፡ 2 ለ 1 የመራው ልጅ ቅሬታ አለው፤ እውነቱንም ነው፡፡ ግን «በሕግ አምላክ» ብሎ ፊት ለፊት የሚሞግተው ሰው አግኝቷል፡፡