ፍኖተ ሰላም ላይ ሞዴል አውሮፕላን ማን ይሸጣል?

የበቆሎ፣ የበርበሬና የዘይት ዋጋ በሚነገርበት ገጽ ላይ ስለ ሞዴል አውሮፕላን መጻፍ ለአንዳንዱ አንባቢ ቅንጦት ይመስለው ይሆናል። ይሁን እንጂ አንድ ዕቃ ገበያ አለው የሚባለው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው፤ የሚፈልገው ሰው፣ የሚከፈልበት ገንዘብና የሚፈቅደው ሕግ። በሬዲዮ የሚታዘዝ ሞዴል አውሮፕላን በምዕራብ ጎጃም ፈላጊ አያጣም። ገንዘቡም በጥቂቱ ይገኛል። የጎደለው ሦስተኛው ነው። በዚህ ምክንያት የዚህ ጸሐፊ ምክር ከወዲሁ ግልጽ ይሁን፤ ነጋዴው ዛሬ ገንዘቡን ሪሞትና ሞተር ላይ ሳይሆን ፎም፣ ሙጫና የሥራ ጠረጴዛ ላይ ያውል። መንግሥት በበኩሉ «ክልክል ነው» ከሚለው ዝምታ ወጥቶ ጠባብም ቢሆን ሕጋዊ በር ይክፈት።

ፍላጎቱን እንይ። ኢትዮጵያ ከአውሮፕላን ጋር የተዋወቀችው ትናንት አይደለም። የመጀመሪያው አውሮፕላን አዲስ አበባ የገባው በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነው። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ጀርመናዊው መሐንዲስና አብራሪ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ እዚሁ የሠራት ባለ ሁለት መቀመጫዋ «ፀሐይ» በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ በረረች። ኢጣሊያ ወስዳት ከ80 ዓመት በላይ ከቆየች በኋላ በጥር 2016 ዓ.ም. ለአገሯ በቅታለች። ፀሐይን ለመቀበል ያን ያህል ደስ ያለን ሕዝብ አውሮፕላን መሥራት የሚያምረውን ልጅ ግን «ሥራ ፈት» እንለዋለን።

የአስመላሽ ዘፈሩን ታሪክ ብዙ አንባቢ ያስታውሰዋል። አብራሪ ለመሆን አመልክቶ በአንድ ሴንቲ ሜትር ቁመት የተመለሰው ይህ ወጣት ተስፋ ሳይቆርጥ ከኢንተርኔት እየተማረ፣ አሮጌ የቮልስዋገን ሞተር ገጥሞ፣ 570 ቀናት የፈጀች «ኬ-570ኤ» የተባለች አውሮፕላን በገዛ እጁ ሠራ። በ2007 ዓ.ም. ባደረገው ሙከራ ግን አልተነሣችለትም። ጋዜጦች ወኔውን አወደሱ፤ የኢኮኖሚውን ትምህርት ግን ማንም አላነሣውም። በሌላ አገር ይህን የመሰለ ሰው ሙሉ አውሮፕላን ከመሥራቱ በፊት ሃያ ትንንሽ አውሮፕላኖች ሠርቶ ሃያ ጊዜ ይሰብራል። እያንዳንዱ ስብራት የሚያስከፍለው የአንድ ቁራጭ ፎም ዋጋ ነው። እኛ ዘንድ ያ ርካሽ የስሕተት ገበያ ስላልነበረ ስሕተቱ ሁሉ በትልቁ አውሮፕላን ላይ ወደቀ።

ለመሆኑ ጀማሪ ምን ያስፈልገዋል? ለማብረር የሚቀለው ክንፉ ከአካሉ በላይ የተቀመጠ፣ የሁለቱ ክንፎች ጫፍም ጥቂት ወደ ላይ ቀና ያለ አውሮፕላን ነው። እንዲህ ያለው አውሮፕላን ሲያዘነብል ራሱን ወደ ማቃናት ያደላል። የሚታዘዘው በአራት ቻናል ሲሆን እነሱም የሞተሩ ጉልበት፣ የአፍንጫው ከፍና ዝቅ ማለት፣ የጭራው ግራና ቀኝ እንዲሁም የክንፉ ማዘንበል ናቸው። ዛሬ የሚሸጡት ሪሞቶች በአብዛኛው በ2.4 ጊጋኸርዝ ይሠራሉ። በውስጡ ተቀባዩ፣ ሰርቮ የሚባሉት ትንንሽ ሞተሮች፣ የፍጥነት መቆጣጠሪያው፣ ብራሽለስ ሞተሩና የሊቲየም ፖሊመር ባትሪው ይገኛሉ። ይህ ሁሉ ተሟልቶ በዓለም ገበያ ላይ ከ100 እስከ 200 ዶላር ገደማ ያወጣል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ይህ በብር ሲመነዘር ለአንድ የመምህር ወይም የጥቃቅን ነጋዴ ቤተሰብ ቀልድ አይደለም።

ከዋጋው በግማሽ የሚያንሰውን ክፍል ግን ከውጭ ማምጣት አያስፈልግም። ክንፉና አካሉ ከማቀዝቀዣና ከቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎም ይቆረጣል። ለክንፉ አጥንት ከእንጅባራ በኩል የሚመጣ ቀርቀሃ ተሰንጥቆ ይበቃል። የሰርቮውን ኃይል ወደ ጭራ የሚያደርሰው የብስክሌት ጎማ ሽቦ ነው። ትልቁ ምስጢር ክብደቱ የሚያርፍበት ቦታ ነው፤ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ወደ ኋላ የክንፉን ስፋት አንድ አራተኛ እስከ አንድ ሦስተኛ ላይ በሁለት ጣት ሲነሣ ሚዛኑን መጠበቅ አለበት። ጭራው የከበደ አውሮፕላን አይታዘዝም። ብዙ ጀማሪ ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው።

ለጎጃም ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሒሳብ አለ። ቡሬ ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በ18 በመቶ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ ያው አውሮፕላን ሳይወድቅ ለመንሳፈፍ የሚያስፈልገው ፍጥነት በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በማሸጊያው ላይ «ለጀማሪ» ተብሎ የተጻፈው ዕቃ ቡሬ ላይ ሲደርስ ጥቂት ከበድ ያለ ተማሪ ይፈልጋል ማለት ነው። መድኃኒቱ ሰፋ ያለ ክንፍና ቀለል ያለ አካል ነው። ይህን የማይነግር ሻጭ ዕቃ ሳይሆን ቅሬታ ይሸጣል።

ባትሪውን በተመለከተ ነጋዴው አጥብቆ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። አንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ ከዚያ ማለፍ የለበትም። ከ3 ቮልት በታች ከወረደ ይበላሻል። የተነፋ ወይም የተበሳ ባትሪ እሳት ያስነሣል፤ ስለዚህ ከሌላ ሸቀጥ ጋር በአንድ መጋዘን አይደረደርም። በመንገደኛ አውሮፕላን ሲመጣም ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በዕቃ ክፍል አይጫንም፤ በተለምዶ የሚፈቀደውም እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው። ባለ ሦስት ሴል፣ 2,200 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሆነው የጀማሪ ባትሪ ከ25 ዋት ሰዓት አያልፍም። ይህን ሳያውቅ በኮንቴይነር ውስጥ ደብቆ የሚያስመጣ ሰው ትርፍ ያገኘ መስሎት በሰው ንብረትና ሕይወት ይነግዳል።

እስካሁን ያለው የዕቃው ነገር ነው። አሁን ወደ ሰማዩ እንሂድ።

በአገራችን ድሮን ለማስገባትም ሆነ ለማብረር የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር (ኢንሳ) ፈቃድ እንደሚያስፈልግ የታወቀ ነው። ፈቃድ ሳይዝ የመጣ መንገደኛ ዕቃውን ቦሌ ጉምሩክ ላይ ጥሎ ይገባል። ካሜራ የሌለው፣ በፎም የተሠራ የልጅ አውሮፕላን ከድሮን ይለያል ብሎ መከራከር ይቻል ይሆናል፤ ሆኖም ሪሞትና ሞተር ይዞ በፍተሻ ጠረጴዛ ፊት የቆመ ነጋዴ ክርክሩን እንደሚያሸንፍ ዋስትና የለውም። ፈቃዱ ያልተጣራ ዕቃ ላይ ካፒታል ማሰር ደግሞ ንግድ ሳይሆን ቁማር ነው።

ከሕጉ የሚከብድ ሌላ ጉዳይም አለ። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም ከተማ ከአየር ደረሰ በተባለ ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸውን ዓለም አቀፍ የዜና ተቋማት የሆስፒታል ኃላፊን ጠቅሰው ዘግበዋል። ከዚያ ወዲህ በዚህ ከተማ ከላይ የሚመጣ ድምፅ የጨዋታ ድምፅ አይደለም። እናት ልጇን ወደ ቤት የምታስገባበት ድምፅ ነው። የሞዴል አውሮፕላን ሞተር ደግሞ ከሩቅ ሲሰማ ትንሽነቱን አይናገርም። ከታች ያለው ገበሬ ይደነግጣል፤ መሣሪያ የያዘው ሰውም፣ የየትኛውም ወገን ይሁን፣ ማንነቱን ሳያጣራ ሊተኩስ ይችላል። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ይህ አብራሪው የማይከፍለው፣ ጎረቤት ግን የሚከፍለው ወጪ ነው። የአንድ ልጅ ደስታ የአንድ ሠፈር ፍርሃት የሚሆን ከሆነ ዋጋው አልተጻፈም እንጂ በጣም ውድ ነው። በዚህ ምክንያት ሰላም ሳይሰፍንና ግልጽ ፈቃድ ሳይኖር በምዕራብ ጎጃም ገጠር ሞተር ያለው ሞዴል ማብረርን ማንም ኃላፊነት የሚሰማው ነጋዴ ሊያበረታታ አይገባም።

ታዲያ በሩ ሁሉ ተዘጋ ማለት ነው? አይደለም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። የመጀመሪያው ደረጃ ሞተርም ሬዲዮም የሌለው፣ በእጅ የሚወረወር ተንሳፋፊ ነው። ድምፅ የለውም፤ ከትምህርት ቤት ግቢ አይወጣም፤ የሚያስከፍለውም የፎምና የሙጫ ዋጋ ነው። ነገር ግን ስለ ክብደት ሚዛን፣ ስለ ክንፍ ቅርጽና ስለ ጭራ ማስተካከል የሚያስተምረው ትምህርት ሬዲዮ ካለው አይተናነስም። ሁለተኛው ደረጃ በኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ የማብረር መለማመጃ ነው። በዚያ ላይ መቶ ጊዜ ቢወድቁ የሚሰበር የለም። በ2015 ዓ.ም. በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ስለምናውቅ ትምህርቱን አስቀድሞ በፍላሽ ገልብጦ መያዝ ይበጃል። ሦስተኛው ደረጃ ሰርቮና ሞተሩን ጠረጴዛ ላይ ገጥሞ ብየዳና ሽቦ አሠራር መልመድ ነው። አራተኛው፣ ማለትም ማብረሩ፣ ፈቃድ ሲገኝ ይመጣል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንዲሉ ደረጃውን የዘለለ የሚሰብረው ውድ ዕቃ ነው።

ለነጋዴው ይህ ምን ጥቅም አለው የሚል ካለ መልሱ እነሆ። ፍራንክ ዋንግ የተባለው ቻይናዊ በልጅነቱ የሞዴል ሄሊኮፕተር ፍቅር የያዘው ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ሼንዘን ውስጥ ያቋቋመው ዲጄአይ ዛሬ የዓለምን የሲቪል ድሮን ገበያ በአብዛኛው ይቆጣጠራል። ሩዋንዳ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ደም ለሆስፒታል በሰው አልባ አውሮፕላን ታደርሳለች። ቅርባችንን ካየን ደግሞ ምዕራብ ጎጃም የበቆሎ አገር ነው። የአሜሪካ መጤ ተምች እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ በቆሎ አምራቹ የማሳ ቅኝትና የርጭት ጉዳይ አሳሳቢ ሆኖበታል። ቡሬ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። ፓርኩ የሚፈልገው ጥሬ ዕቃ የሚመጣው ከማሳ ነው። ነገ የማሳ ርጭትና የካርታ ሥራ በፈቃድ በሰው አልባ አውሮፕላን ሲሠራ መሣሪያውን ከአዲስ አበባ የሚመጣ ባለሙያ ብቻ ያንቀሳቅሰው ወይስ የጃቢ ጠህናን ልጅም ይጠግነው? ጥያቄው ይህ ነው። መሣሪያ በገንዘብ ይገዛል፤ የጠጋኝ እጅ ግን በዓመታት ይገነባል።

«ሰው ዳቦ ባጣበት ጊዜ ጨዋታ?» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ ይጠበቃል። ተቃውሞው ከንቱ አይደለም። ሆኖም እዚህ የቀረበው የመነሻ ካፒታል የአንድ ኩንታል በቆሎ ዋጋ እንኳ የማይሞላ ነው። ለወጣት ሥራ ፈጠራ ተብለው ከሚወጡት ወጪዎች ይህ ከርካሾቹ አንዱ ነው። «ለሌላ ዓላማ ይውላል» የሚለው የጸጥታ ሥጋት ደግሞ በእውነት የሚያስጨንቅ ነው። ግን ሥጋት ያለባቸው ሌሎች አገሮች መልስ ያበጁለት በክብደትና በከፍታ ወሰን ነው። አሜሪካ ለመዝናኛ የሚበር ከ250 ግራም በላይ የሆነውን ሁሉ ታስመዘግባለች፤ አውሮፓ በክፍት ምድብ የሚበረውን በ120 ሜትር ከፍታ ትወስናለች። ተመዝግቦ የሚበር ይታወቃል፤ ተደብቆ የሚበር ግን አይታወቅም።

ስለዚህ ከኢንሳና ከሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የሚጠበቀው ብዙ አይደለም። የቀላል ሞዴል የክብደት ወሰን ይታወቅ፤ ካሜራ የሌለው ዕቃ በምን ቀረጥና በማን ፈቃድ እንደሚገባ በጽሑፍ ይውጣ። በየክልሉ አንድ የታጠረ ሜዳ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ኃላፊነት ይከለል፤ ሰላም በሰፈነበት አካባቢ ይጀመርና የፍኖተ ሰላም ተራ ሰላሟ ሲመለስ ይድረሳት። ነጋዴዎችም በምክር ቤቶቻቸው በኩል ይህን ጥያቄ በደብዳቤ ያቅርቡ። እስከዚያው ድረስ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ፎም፣ ሙጫ፣ ምላጭና የተንሳፋፊ ንድፍ በአንድ ከረጢት አድርጎ ቢሸጥ አይከስርም። የፍኖተ ሰላም ልጅ ወደ ላይ ቀና ብሎ የሚያየው ነገር የሚያስደነግጠው ብቻ መሆን የለበትም፤ በእጁ ሠርቶ የወረወረውም መኖር አለበት።